ይሉኝታ የሰበረው አውሮፕላን

የዛሬው ወጋችን ስለ በረዶ፣ ስለ ትንሽዬ አውሮፕላን፣ እንዲሁም ስለ አንድ አባትና ልጅ ነው። «እነዚህን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» አትበሉኝ። እስከ መጨረሻው ተከተሉኝ እንጂ መገናኛውን እናንተው ታገኙታላችሁ። በዚያው ላይ ደግሞ እኔ ራሴ ይቅርታ የምጠይቅበት ጉዳይ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር አንድ ወጣት ከአሜሪካ ጻፈልኝ። የሚኖረው ሚኒሶታ ነው፤ ብዙ የአገራችን ሰዎች ያሉበት ግዛት። ዕድሜው 21 ነው። ስሜ እንዳይወጣ ብሏልና አይወጣም። አባቱ ዲቪ ደርሷቸው ሲሄዱ እሱ ገና የ4 ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ ስታርፍ አያቱ ወሰዱት፤ እዚሁ አዲስ አበባ በእሳቸው ጉያ አደገ። 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤቱ አልመጣ ሲለው የሰፈሩ አናጺ ዘንድ ገባና ሁለት ዓመት ያህል እንጨት ሲልግ ቆየ። ከዚያ ከ16 ዓመት በኋላ የአባቱ ወረቀት አለቀና «ና» ተባለ። ሄደ።

ከደብዳቤው ጥቂቱን ላንብብላችሁ፦

«ከአውሮፕላን ስወርድ አንድ ጎልማሳ ሰው እያለቀሱ አቀፉኝ። እኔ ግን አላለቀስኩም። አላውቃቸውማ! አብረን መኖር ከጀመርን ይኸው 8 ወር ሆነን። ‹እንዴት አደሩ?› እላቸዋለሁ። ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?› ይሉኛል። ‹ምሳ በሉ?› ‹በላሁ፣ አንተስ?› በቃ፣ ወሬያችን አለቀ። አያቴ ‹ትልቅ ሰው አንቱ ይባላል› ብላ ስላሳደገችኝ አባቴንም አንቱ ነው የምላቸው። አይጣሉኝም፣ አይቆጡኝም፣ የጠየቅኳቸውን ይገዙልኛል። ግን እንደ እንግዳ ነው የሚያስተናግዱኝ። እኔም እንደ እንግዳ ነው የምኖረው። ልመለስ ወይስ ልቆይ? እባክህ ምከረኝ።»

እኔስ ምን ብዬ መለስኩ? ያው የለመድኳትን! «ውድ ወንድሜ፣ ዋናው ነገር መነጋገር ነው። አንድ ቀን ቁጭ በሉና የልባችሁን በግልጽ ተወያዩ። ሁሉም ነገር ይስተካከላል» አልኩት። መልሱን ስልከው ትልቅ ቁም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ማኪያቶ ጠጥቻለሁ።

ታዲያላችሁ፣ ዘንድሮ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከዚሁ ልጅ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መጣልኝ። አሥራ አራት ደቂቃ! ሲጀምር ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ አትቀየመኝና ምክርህ አልሠራም።»

አባትና ልጅ በምክሬ መሠረት አንድ እሁድ ቡና ተፈልቶ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ልጁ «አባባ፣ እንነጋገር» ይላል። አባትየው «እሺ፣ እንነጋገር» ይላሉ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ሙሉ ሁለቱም ሲኒያቸውን ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ አባትየው ተነሥተው ሲኒዎቹን ማጠብ ጀመሩ። ስብሰባው በዚሁ ተዘጋ!

«የሠራው ሌላ ነገር ነው» አለኝ። «ስኪ ነው።»

ስኪ? እኔ እንኳን ስለ ስኪ የማውቀው ሮቤል ተክለማርያም የሚባል የአገራችን ልጅ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ መወዳደሩን ነው፤ የመጀመሪያው እሱ ነበር። ይኼኛው ግን ሰው የሚያደርገው ስኪ አይደለም። አውሮፕላን የሚጫማው ነው!

ቤዝመንት ውስጥ የተሰቀለች ቢጫ

አባትየው ለካስ አንድ ትርፍ ፍቅር አላቸው። ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ ይሠራሉ፤ በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በሬዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ አውሮፕላን ሜዳ ወስደው ያበራሉ። ቢጫ ናት። ፓይፐር ከብ የምትባለው ዝነኛ አውሮፕላን አምሳያ ስትሆን፣ የክንፏ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል፣ ክብደቷ 2 ኪሎ፣ ሞተሯ በባትሪ የሚሠራ ነው። ዋናዋ ከብ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1947 ወደ 20,000 ገደማ የተመረተች ናት፤ ዛሬም በበረዶ አገር ስኪ አጥልቃ የምትበር አለች።

የክረምት ነገር ሲነሳ ታዲያ የእኛና የእነሱ ይለያያል። የእነሱ ክረምት የሚጠናው በእኛ ጥምቀት ሰሞን ነው። በረዶውም የእኛን ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ጠጠር አይደለም። እንደተነደፈ ጥጥ ቀስ እያለ ይወርድና አገሩን ያለብሰዋል። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲገባ ሐይቁ ሁሉ ደርቆ ሜዳ ይሆናል። እናም አባትየው ኅዳር ሲመጣ አውሮፕላኗን ቤዝመንት ወስደው ግድግዳ ላይ ይሰቅሏታል። እስከ ሚያዝያ አትነካም።

አንድ ቀን ልጁ ልብስ ሊያጥብ ወርዶ አያትና «ለምን አሁን አያበሯትም?» ይላል። አባትየው «ጎማዋ በረዶ ውስጥ ይሰምጣል፤ ስኪ ያስፈልጋታል። ስኪ ደግሞ የለኝም» ይሉታል። ልጁ አውሮፕላኗን ገለበጥ አድርጎ አየና «ኮምፔንሳቶ ካለ እኔ እሠራዋለሁ» አለ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ «እኔ እችላለሁ» ያለው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቋንቋውን አባቱ ይበልጡታል፣ መንገዱን አባቱ ያውቁታል፣ ገንዘቡም የአባቱ ነው። እንጨት ግን የእሱ ነው።

መንሸራተቻው እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያስፈልግ እናስተውል። ጎማ መሬት የሚነካው በጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ነው። 2 ኪሎ ያቺ ላይ ሲያርፍ ለስላሳ በረዶ አይችለውም፤ ጎማው ይሰምጣል፣ አውሮፕላኗም በአፍንጫዋ ትተከላለች። ስኪ ግን ክብደቱን ይዘረጋዋል። ልጁ የሠራው እያንዳንዱ ስኪ 36 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። በሁለቱ ላይ ክብደቱ ሲከፋፈል በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚያርፈው ወደ 3.5 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይኼን በረዶው ይሸከማል።

አሠራሩን እሱ እንደነገረኝ ላስከትል፤ ከእናንተ መካከል እጁን የሚበላው አይጠፋምና።

አንደኛ፣ እንጨቱ። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ኮምፔንሳቶ ባንዴ ላጥፍህ ቢሉት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ሁለት ስስ ኮምፔንሳቶ ወስዶ ፍል ውኃ ውስጥ ነከረ። (የነከረበት ዕቃ የአባቱ የፓስታ ድስት ነው። ሴት የሌለበት ቤት መሆኑ ጠቀመው!) ሲለሰልስ የፊት ጫፉን በወፍራም ቱቦ ላይ አጥፎ፣ በሲባጎ አስሮ አሳደረው። ሲደርቅ ሁለቱን በኮላ አጣብቆ፣ እዚያው ቱቦ ላይ አጥብቆ ሌላ ሌሊት አሳደረው። ኮላው ከደረቀ በኋላ ቅርጹን አይለቅም። ጫፉ ወደ ላይ ቀና ማለቱ ጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ በረዶው ላይ ጉብታ ሲያጋጥም እንዲወጣበት ነው።

ሁለተኛ፣ ሆዱ። የስኪው ሥር በብርጭቆ ወረቀት ልሙጥ እስኪሆን ይታሻል፤ ቫርኒሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠጣል። እንጨት ውኃ ከጠጣ ያብጣል፣ ክብደትም ይጨምራል። ቫርኒሹ ሲደርቅ ተራ ሻማ ይታሽበታል፤ ሰሙ በረዶው እንዳይዘው ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ ሀዲዱ። ሆዱ ልሙጥ ብቻ ከሆነ አውሮፕላኗ ሳሙና እንደረገጠ ሰው ወደ ጎን ትሄዳለች። ስለዚህ በቁመቱ ሁለት ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ከሥሩ ይለጠፋሉ። እነሱ በረዶውን ሰንጥቀው መስመር ያስይዟታል። ለጭራዋም እንዲሁ ትንሽዬ ስኪ ይሠራላታል።

አራተኛ፣ ማዞሪያው። በስኪው ጀርባ ላይ ትንሽ የእንጨት ጉብታ ይጣበቅና ይበሳል። ጎማው ይወልቅና የጎማው ሽቦ በዚያ ቀዳዳ ያልፋል። ቀዳዳው ከስኪው መሐል ትንሽ ወደ ኋላ ይሆናል፤ የፊቱ ክፍል ረዘም ሲል በረዶው ላይ ለመውጣት ይቀለዋል። ስኪው እንደ ሰው ቁርጭምጭሚት ከፍ ዝቅ ማለት መቻል አለበት።

አራቱንም ልጁ አሳምሮ ሠራ። አምስተኛው ግን ቀረ። አምስተኛው ላስቲክ ነው።

«አያስፈልገውም ይሆናል»

ምክንያቱን ላስረዳችሁ። የስኪው የፊት ክፍል ከረዘመ ይከብዳላ! መሬት ላይ ሳለ ይኼ አይታይም፤ በረዶው ራሱ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። አየር ላይ ግን ያዥ የለውም፤ አፍንጫው ወደ ታች ይደፋል። ነፋሱም የበለጠ ይጫነዋል። ለዚህ ነው እውነተኞቹ አውሮፕላኖች ላይ እንኳ የስኪውን ጫፍ ወደ ላይ ስቦ የሚይዝ ጠንካራ ላስቲክ የሚደረገው።

ልጁ ይኼን አያውቅም። አናጺ ቤት የሚሠራው ቁም ሣጥንና አልጋ ነዋ! አልጋ ደግሞ አይበርም። አባትየው ግን ያውቃሉ። ስኪዎቹ የተገጠሙ ዕለት አውሮፕላኗን ከፍ አድርገው ሲይዟት ሁለቱም ጫፎች ዝቅ ሲሉ አዩ። አዩና ዝም አሉ። ልጁ ደግሞ የአባቱ ዓይን ጫፉ ላይ ሲቆይ አየ። «ምነው?» ሊል ፈለገና ተወው። አባትየው በለሆሳስ «ላስቲክ… አያስፈልገው ይሆን?» አሉ። ልጁ «አያስፈልገውም ይሆናል» አለ። «እሺ፣ እሺ… እጅህ ይባረክ፤ በጣም ቆንጆ ነው» አሉት።

ይሉኝታ ማለት ይኼ ነው ወገኖቼ! ሁለት ሰዎች አውሮፕላኗ እንደምትወድቅ በዓይናቸው አይተው፣ ተከባብረው፣ ተመራርቀው፣ ወደ ሜዳ ይወስዷታል።

ቅዳሜ ጠዋት ወጡ። መብረሪያቸው የደረቀ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ላይ ያለው አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ካልወፈረ ሰው አይረግጠውም፤ ለዚያውም በእግር ለመሄድ ብቻ ነው። የእነሱ ከዚያ በጣም ይበልጥ ነበር። ብርዱ ባትሪውን እንዳያደክመው ልጁ ብብቱ ሥር ይዞት ነው የሄደው። አውሮፕላኗ ተነሣች። ሐጫ በረዶ ላይ ሁለት ቀጭን መስመር ጥላ ሽው አለች። ልጁ በሠራው ነገር ላይ አውሮፕላን ሲነሣ ሲያይ ምን እንደተሰማው እሱ ይንገራችሁ፤ ድምፁ ውስጥ ሰምቼዋለሁ።

ስትመለስ ግን ሁለቱም ስኪ አፍንጫውን ደፍቶ ነው የሚመጣው። ልጁ አየው። ዝቅ አለች። አሁንም ዝቅ አለች። ያን ጊዜ ልጁ ጮኸ፦

«አባዬ! ሳበው! ኧረ ሳበው!»

አባትየው ሳቡት፤ ጊዜው ግን አልፏል። የስኪው ጫፍ በረዶው ውስጥ ተሰካና አውሮፕላኗ ተገልብጣ በጀርባዋ ተኛች። የፊት መዘውሯ ተሰበረ፤ ጭራዋ ተቀጠፈ።

ልጁ ሮጦ ሄዶ ስብርባሪውን መልቀም ጀመረ። ቀና ሲል አባቱ አጠገቡ ቆመዋል፤ ያለቅሳሉ። «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ሊል ሲል፣ «አንተ አልከኝ እኮ» አሉት።

ውድ አንባቢያን፣ «ይሳቡት» አላለም። «ሳበው» ነው ያለው። ስምንት ወር በቤት፣ ከዚያም እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ አንቱ ሲላቸው የኖረ ልጅ አውሮፕላን ስትወድቅ ጨዋነቱን ረስቶ እንደ ልጅ ጮኸ። እኔም አሁን ነው የገባኝ። በሐምሌው ደብዳቤ «አባቴ አሉ፣ አባቴ ሰጡኝ» ነበር የሚለው። በዚህ የድምፅ መልእክት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አባዬ አለኝ፣ አባዬ ሳቀ» ነው።

መኪና ውስጥ

ሲመለሱ መንገዱ ረጅም ነው። መኪናው ውስጥ ማሞቂያው ይነፋል፤ የተሰበረችው ከኋላ ተኝታለች። አባትየው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ጀመሩ። «ላስቲክ እንደሚያስፈልገው አውቅ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሥራህን ያጣጣልኩብህ እንዳይመስልህ ብዬ። ቅር ብሎህ ትሄዳለህ ብዬ። ደግሞስ 16 ዓመት ጥዬህ የሄድኩ ሰው፣ አንተን ለማረም ምን አፍ አለኝ?»

ከዚህ በኋላ ያወሩትን ልጁ ነግሮኛል፤ ለጋዜጣ ግን አይሆንም። ያ የእነሱ ነው። ብቻ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሊጠይቅ የፈለገውን ጠየቀ፤ አባትየውም ሳይሸሹ መለሱ። ሁለቱም ፊት ለፊት አልተያዩም፤ መንገዱን ነበር የሚያዩት። ሲኒ ይዘው እሁድ ዕለት ያቃታቸው ነገር ስብርባሪ ጭነው ቅዳሜ ተሳካ።

ጥገናው ሁለት ሳምንት ፈጀ። በዚያን ጊዜ ነው ልጁ አባቱ ደብረ ዘይት (የዛሬዋ ቢሾፍቱ) እንዳደጉ፣ የአየር ኃይል አውሮፕላን ጭንቅላታቸው ላይ ሲያልፍ ከትምህርት ቤት አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩ እንደነበር፣ አብራሪ ለመሆን ተመኝተው እንዳልሆነላቸው የሰማው። አንድ ታሪክም ነገሩት፤ ለእናንተም ይጠቅማል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተጠቀመው ሲ-47 የተባለውን፣ የዳግላስ ዲሲ-3 ወታደራዊ ወንድም ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1956 የዚሁ ዘር የሆነ አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላን በስኪ ደቡብ ዋልታ ላይ አረፈ፤ እዚያ በማረፍ የመጀመሪያው ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ያህል ነበር። ሰዎቹ 49 ደቂቃ ብቻ ቆይተው ሊነሡ ሲሉ አውሮፕላኑ እምቢ አለ። ስኪው ከበረዶው ጋር ተጣብቋል! ከጎኑ የተሠሩለትን 15 ትናንሽ ሮኬቶች ለኩሰው ነው ያስለቀቁት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ስኪ ሲንሸራተት ሰበቃው በረዶውን በስሱ ያቀልጠዋል። ሲቆም ያቺ ውኃ መልሳ ትረጋና ስኪውን ትይዘዋለች። የአባትና የልጅ መፍትሔ ሮኬት አይደለም። አውሮፕላኗን በረዶ ላይ አያቆሟትም፤ እስክትነሣ ድረስ ጣውላ ላይ ያስቀምጧታል። ሲመልሷትም እንዲሁ።

ሁለተኛው ሙከራ

አሁን ላስቲኩ ገባ። ከስኪው ጫፍ ተነሥቶ የጎማው እግር ላይኛው ክፍል ላይ ይታሰራል፤ ጫፉን በትንሹ ቀና አድርጎ ይይዘዋል። ከኋላ ደግሞ ጠንካራ የዓሣ ማጥመጃ ክር ታሰረ፤ ላስቲኩ ከመጠን በላይ እንዳያቃናው። ከፊትም አንድ ክር ተጨመረ። ላስቲክ በብርድ ደርቆ ሊበጠስ ይችላል፤ ቢበጠስ ክሩ ጫፉን አያስደፋውም።

ከዚያ ሙከራ። አውሮፕላኗን ከፍ አድርጎ ይዞ ጫፉን በጣት ወደ ታች መጫን፤ ሲለቁት ቶሎ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ስኪ ክብደት ስለጨመረባት ሚዛኗም እንደገና ታየ። በሁለት ጣት ክንፏ ሥር ይዘው አነሷት፤ አፍንጫዋም ጭራዋም አልደፋ። አሜሪካ ውስጥ ከ250 ግራም በላይ የሆነ እንዲህ ያለ በራሪ በመንግሥት አቪዬሽን መሥሪያ ቤት መመዝገብ ስላለበት ያንን አባትየው ድሮ ጨርሰውታል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ተነሣች። ስምንት ደቂቃ በረረች። ስትመለስ ሁለቱ ስኪዎች አፍንጫቸውን ቀና አድርገው መጡና በረዶው ላይ ሽርርር ብላ አረፈች። አባትየው የሬዲዮ መቆጣጠሪያውን ለልጁ ሰጥተው፣ «በል አሁን ያንተ ተራ ነው» አሉት።

ልጁ አልተመለሰም። እዚያው ነው። ዛሬ በቤታቸው አንድ የምሥጢር ቃል አላቸው። አንደኛው ሌላው የሆነ ነገር እንደዋጠ ሲጠረጥር፣ «ላስቲኩ የት አለ?» ይለዋል። ያን ጊዜ የተዋጠው ይተፋል።

እንግዲህ ይቅርታዬ

ለዚያ ወንድሜ «ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ» ማለቴ ጎማ ያለውን አውሮፕላን በረዶ ላይ እንዲያስነሣ መምከሬ ነበር። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ዓይን ለዓይን እየተያዩ የልባቸውን ሊያወሩ አይችሉም፤ ይሉኝታው ይሰምጥባቸዋል። ስለዚህ ምክሬን አርሜያለሁ። አባቱን፣ እናቱን፣ ታላቅ ወንድሙን፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች እህቱን መቅረብ ላቃተው ሁሉ እንዲህ እላለሁ፦

በእጅ የሚሠራ ነገር ፈልጉ። አንዳችሁ ግማሹን፣ ሌላችሁ ግማሹን የምታውቁት ይሁን፤ አንዱ ብቻ የሚያውቀው ከሆነ አስተማሪና ተማሪ ሆናችሁ ትቀራላችሁ። የተበላሸ ብስክሌት ሊሆን ይችላል፣ የሚያፈስ ጣራ፣ የቤት ቀለም፣ የበዓል ዶሮ። (ዶሮ አገነጣጠል ላይ ከእናቱ ጋር ያልታረቀ ሰው አላውቅም።) አውሮፕላን ያማራችሁ ደግሞ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚበር ነገር ያለ ፈቃድ ይዛችሁ እንዳትወጡ፤ ጉዳዩ ከጨዋታ ያልፋል።

ከሁሉም በላይ ግን ስህተት ስታዩ ከመነሣቷ በፊት ተናገሩ። መከባበር ጥሩ ነው፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን «ቅር ይለዋል» ብለን የዋጥነው ቃል መሬት ላይ ሳለን አይታወቅም። አየር ላይ ስንወጣ ነው አፍንጫውን የሚደፋው። ትዳርም፣ ሽርክናም፣ ወንድማማችነትም እንዲሁ ነው። በረዶው ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ የተሳሳተውን ይሰብረዋል።

እኔም የመልእክቱን መጨረሻ ከሰማሁ በኋላ ለታላቅ እህቴ ደወልኩ። ከሁለት ዓመት ጀምሮ የዋጥኳት አንዲት ነገር ነበረችኝ። ነገርኳት። ተቆጣች፤ ጮኸች፤ ስልኩን ዘጋችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳ ደውላ «እሁድ ምሳ ና» አለችኝ።

ሄድኩ፤ ሽሮ በላን።

እናንተስ? ማንን አንቱ ብላችሁ አርቃችኋል? የዋጣችሁትን ጻፉልኝ፤ እንደተለመደው ስም አይወጣም። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!